ዋየርፍሬም በምን ልሥራ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በዋየርፍሬም ዙሪያ ናቸው፤ ማለትም ድረ ገጹ ቀለምና ፎቶ ሳይገባበት በፊት የቱ ነገር የት እንደሚቀመጥ በግራጫ ሳጥንና መስመር በሚያሳየው ንድፍ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ለትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ እንሠራለን። እስካሁን ንድፉን ለደንበኛ የምናሳየው በፓወርፖይንት ነበር። አሁን ለዚሁ ሥራ ተብሎ ወደተሠራ ሶፍትዌር ልንሸጋገር አስበን አንዳችን ፊግማ፣ ሌላችን ባልሳሚክ እንላለን። ቢሯችን መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጥበታል፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነገርም አንችልም። ምን ትመክሩናላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፓወርፖይንት ነውር የለበትም። ችግሩ ስላይድ አግድም መሆኑ ነው፤ ድረ ገጽ ደግሞ ወደ ታች ይረዝማል። በዚያ ላይ የገጹን ራስጌ 20 ስላይድ ላይ ገልብጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደንበኛው «ስልክ ቁጥራችን ከላይ ይታይ» ሲላችሁ 20 ቦታ ማረም ሊመጣ ነው። ስላይድ ማስተር (የሁሉም ስላይዶች የጋራ ክፍል በአንድ ቦታ የሚታረምበት) ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ግን ራስጌው በሞባይልና በኮምፒውተር የተለያየ ሲሆን እሱም አይበቃም።

ሶፍትዌር ስትመርጡ ሦስት ነገር ተጠያየቁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል ወይ? ንድፉን የሚያየው ሰው በምን ያየዋል? ዋየርፍሬሙ ከጸደቀ በኋላ ያው ፋይል ወደ ሙሉ ዲዛይን ያድጋል ወይስ ተጥሎ ሌላ ይጀመራል? የብዙ ሰው ምርጫ የሚበላሸው ሦስተኛውን ባለመጠየቅ ነው። ባልሳሚክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር ጀምሮ ሆን ብሎ በእጅ የተሞነጫጨረ የሚመስል ንድፍ ያወጣል፤ ደንበኛው «ይህ ገና ረቂቅ ነው» ብሎ እንዲረዳ። ለዚህ ጎበዝ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወደ ሙሉ ዲዛይን አይሻገርም፤ ሌላ ሶፍትዌር ላይ እንደ አዲስ ትሥላላችሁ። ዲዛይኑንም ፕሮግራሙንም ራሳችሁ ለምትሠሩ ለሦስታችሁ ይህ ድርብ ሥራ ነው፤ ክፍያውም አለበት።

ስለዚህ ለእናንተ የምንመርጠው ፊግማን በነፃው ጥቅል፣ ከጎኑም ድሮው ዶት አይኦን (draw.io) ነው። የፊግማ ነፃ ጥቅል በቡድን ፕሮጀክት ውስጥ 3 የዲዛይን ፋይል ብቻ ይፈቅዳል፤ በግል ረቂቅ ማኅደር ግን የፋይል ገደብ የለም። የጸደቁትንና ያለቁትን ሥራዎች ወደ ግል ረቂቅ እያወጣችሁ ቦታ ማስለቀቅ ትችላላችሁ። የቀድሞ ቅጂዎችን ታሪክ የሚያቆየው ለ30 ቀን ስለሆነ ደንበኛ ያጸደቀውን ቅጂ በፒዲኤፍ አውጥታችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ፊግማ ቀድሞ የተከፈተውን ፋይል ማረም ይፈቅዳል፤ ለውጡም ግንኙነቱ ሲመለስ ይጫናል። አዲስ ፋይል ከዝርዝሩ መክፈት ግን አይቻልም። ጠዋት ኢንተርኔት ሲኖር የዕለቱን ፋይሎች ሁሉ ክፈቷቸው፤ ከተቋረጠ በኋላ መስኮቱን አትዝጉ። ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ቅጂ ማውጣትም ይቻላል፤ ያንን ቅጂ መልሶ ለመክፈት ግን ወደ ፊግማ መጫን ስለሚያስፈልግ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት አያድናችሁም። ለዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ድሮው ዶት አይኦ ነው። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፋይሉም በእጃችሁ ነው። ከታች በግራ «ተጨማሪ ቅርጾች» የሚለውን ከፍታችሁ የሞክአፕ ቅርጾችን ስታበሩ በተን (የሚነካ ቁልፍ)፣ የፍለጋ ሳጥን፣ ሜኑ፣ የስልክ ክፈፍ ተዘጋጅቶ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ሐሳብ እዚያ ላይ ይሠራ፤ ቅርጽ የያዘውን ወደ ፊግማ ውሰዱት።

ከፓወርፖይንት ለመጣ ሰው የፊግማ ትልቁ ጥቅም ኮምፖነንት ነው። ራስጌውን ስፋቱ 360፣ ከፍታው 56 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) በሆነ ክፈፍ ሥሩ፤ የሜኑ ምልክት፣ የድርጅቱ ስም፣ የስልክ ምልክት ይግቡበት። ከዚያ ክፈፉን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ኬን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ ዋናው ሆነ። በየገጹ የምታስቀምጡት ቅጂውን ነው፤ ዋናውን ስትነኩ ቅጂዎቹ ሁሉ ይከተላሉ። ጀማሪን የሚያደናግረው እዚህ ነው፦ በአንዱ ቅጂ ላይ ጽሑፉን በእጅ ከቀየራችሁ ያ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የዋናውን ለውጥ አይከተልም። «ዋናውን አርሜ ሦስት ገጽ ላይ አልተቀየረም» የሚባለው ብልሽት አይደለም። ቅጂውን መርጣችሁ የተደረገበትን ለውጥ ሰርዙት፤ ወደ ዋናው ይመለሳል።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ከእናንተ አንዱ ሰርቨር መንካት የሚወድ ከሆነ ብቻ። ፔንፖት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ስፔን ውስጥ የተጀመረ ሶፍትዌር ነው፤ አሠራሩ ለፊግማ ይቀርባል። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ በሚጭን መሣሪያ) አማካይነት በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና ሌሎቹ በቢሮው ዋይፋይ፣ በዚያ ኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ በፖርት 9001 ይገቡበታል። የውጭ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሦስታችሁም አንድ ፋይል ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ጭነው የማይገባላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የረሱት የመግቢያ አድራሻውን ቅንብር ነው፤ «ሎካልሆስት» (ይኸው ኮምፒውተር ራሱ ማለት ነው) ብሎ የመጣውን በኮምፒውተሩ የውስጥ አድራሻ መተካት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለ ግን አትጀምሩት። በየምሽቱም መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይውጣ።

ጥያቄ፦ አማርኛ ስጽፍ አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ይሆንብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ደንበኛው በዎርድ የላከልኝን ጽሑፍ ስለጥፍ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይመጣል። ጓደኛዬ «ለዋየርፍሬም ምን አስጨነቀህ፣ የእንግሊዝኛ መሙያ ጽሑፍ አድርግበትና ገንቢው በኋላ ይተካው» ይለኛል። ትክክል ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ጓደኛዎ ልክ አይደሉም። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በቁጥር እናሳይዎት። በ360 ፒክስል የስልክ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ 16፣ 16 ፒክስል ሲለቀቅ ለጽሑፍ 328 ይቀራል። በ16 ፒክስል መጠን በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሲጻፍ በአንድ መስመር የሚገባው ከ25 እስከ 30 ፊደል አካባቢ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን 40 ገደማ ይገባል። ቃላችን በፊደል ብዛት አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ፊደል ሰፊ ነው።

አሁን ከታች የሚቀመጠውን ባለ አምስት ምርጫ ሜኑ ያስቡ። 360ን ለ5 ሲያካፍሉ ለአንዱ 72 ፒክስል ይደርሰዋል። «ቅርጫት» በ12 ፒክስል መጠን ከዚያ ግማሹን ይዞ ይቀመጣል። «የእኔ ትዕዛዞች» ግን ስምንት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ ወደ 75 ፒክስል ይወስዳል። ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ሁለት መስመር ሆኖ አጠገቡ ካሉት ጋር ይዛነፋል። በእንግሊዝኛ መሙያ የተሠራ ዋየርፍሬም ይህን አያሳይዎትም፤ የሚያሳይዎት ድረ ገጹ ተሠርቶ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በዋየርፍሬሙ ላይ ቢታይ ኖሮ መፍትሔው «ትዕዛዝ» ብሎ ማሳጠር ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ። የመጨረሻው ጽሑፍ ገና ካልደረሰ እንኳ ከዚያው ድርጅት በራሪ ወረቀት ወይም ከቴሌግራም ገጹ ላይ ቀድተው ይሙሉበት።

ወደ ሁለቱ ብልሽቶች እንምጣ፤ መነሻቸው የተለያየ ነው። ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚስለው ፎንት ነው። የመረጡት ፎንት የላቲን ፊደል ብቻ የያዘ ይሆናል። ፊግማ ላይ ጽሑፉን መርጠው ከቀኝ በኩል የፎንቱን ስም ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይለውጡ። ከጉግል ፎንቶች አንዱ ስለሆነ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ ሳይጭነው ያገኘዋል፤ ከቀጭን እስከ ደማቅ ያሉ ውፍረቶችም አሉት። ኒያላ ወይም ኢብሪማ ቢጠቀሙ በእርስዎ ዊንዶውስ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ማክ ያለው ባልደረባዎ ፋይሉን ሊያርም ሲሞክር ግን ፎንቱ እንደሌለው ይነገረዋል፣ ሌላ ከተካበትም የመስመሮቹ ርዝመት ይለወጣል። ድሮው ዶት አይኦ ላይ በጽሑፍ ቅንብሩ ውስጥ ከፎንቶቹ ዝርዝር መጨረሻ የራስዎን ፎንት ስም መጻፊያ አለ። ባልሳሚክና ኤክስካሊድሮው (በብራውዘር የሚከፈት ሌላ የንድፍ መሥሪያ) ላይ የሚታየው በእጅ የተጻፈ የሚመስለው ፎንት ፊደላችንን አልያዘም፤ የአማርኛው ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ፎንት ተተክቶ ይታያል። ይነበባል፤ የረቂቅነት መልኩ ግን ከሳጥኖቹ ላይ ብቻ ይቀራል።

የላቲን ቅልቅሉ ሌላ ነገር ነው። ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል ከሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር) በፊት በተለመዱት የግዕዝ ፎንቶች ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በእነሱ ሲተይብ ኖሯል። ፎንቱ ሲለወጥ ከሥር የነበረው ላቲን ይገለጣል። ስለዚህ ፎንት በመቀያየር ጊዜ አያጥፉ፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከለወጡ በኋላ ሥርዓተ ነጥቡን፣ ቁጥሮቹን፣ እንዲሁም እንደ «ሏ» እና «ቧ» ያሉትን ዲቃላ ፊደላት በዓይንዎ ይፈትሹ፤ ስህተት የሚቀረው እዚያ ነው። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ካልበለጠ እንደገና መተየብ ይፈጥናል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። የመስመር ከፍታውን ለ16 ፒክስል ፊደል 26 ያህል ያድርጉት፤ ፊደሎቻችን ሞላ ያሉ ስለሆኑ ለእንግሊዝኛ በሚበቃው ከፍታ አንቀጹ ይጨናነቃል። የፊግማ አቋራጮች፣ ለምሳሌ ለክፈፍ ኤፍ፣ ለሳጥን አር፣ ለጽሑፍ ቲ፣ እምቢ ካሉም መጀመሪያ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በቀጥታ ሲተይቡ ፊደሉ ከተዛባ ኖትፓድ ላይ ጽፈው ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ የፊግማ ሊንክ ስልክለት አይከፍተውም። «በቴሌግራም ላክልኝ» ይለኛል። ስልክለት ደግሞ «አይነበብም» ወይም «ቆንጆ ነው» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ሥራው ካለቀ በኋላ ለውጥ ይጀምራል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ «አይነበብም» ያለው እውነቱን ነው። አንድ ረጅም የስልክ ገጽ 360 በ4000 ፒክስል ነው እንበል። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም በተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል፤ ያኔ ስፋቱ 115 ፒክስል ይሆናል። ያንን ማንም ማንበብ አይችልም። በፒዲኤፍ ያውጡት፤ ወይም በሁለት እጥፍ መጠን ፒኤንጂ አድርገው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። ከዚያም የሚሻለው ረጅሙን ገጽ ከፍታቸው 800 ፒክስል በሆኑ ቁርጥራጮች ከፍሎ መላክ ነው፤ ደንበኛው በስልኩ ሲያየው ልክ ድረ ገጹን የከፈተ ያህል መጠኑ ትክክል ይሆንለታል።

እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጉልህ ቁጥር ይጻፉ፦ 1.1፣ 1.2፣ 2.1። አገራችን ውስጥ አብዛኛው አስተያየት የሚመጣው በድምፅ መልእክት ነው፤ «እዚያ ታች ያለችው ነገር» ከሚል «2.1 ላይ» የሚል መልእክት ያተርፋል። በፊግማ ሊንክ ማየት የሚቻለው ያለ ምዝገባ ሲሆን ኮሜንት ለመጻፍ ግን አካውንት ያስፈልጋል፤ ደንበኛው በዚህ ምክንያት ቢቀር አይፍረዱበት።

«ቆንጆ ነው» የሚለው መልስ የሚመጣው ከጥያቄው ነው። «እንዴት አዩት?» ሲባል ሰው በይሉኝታ ያመሰግናል። ሥራ ስጡት። «የልብስ መደብርዎን ገጽ የከፈተ ደንበኛ ዋጋ ለማወቅ መጀመሪያ የቱን ይነካል? ጣትዎን ያሳዩኝ»፤ «ትዕዛዙን መሰረዝ ቢፈልግ የት ይሄዳል?»፤ «የሱቅዎን አድራሻ ፈልገው ያግኙልኝ»። ከተቻለ ይህን በአካል፣ በእሱው ስልክ ላይ ያድርጉት። ጣቱ ካመነታ ቦታው ተገኝቷል ማለት ነው። ሰውየውን አያግዙት፤ ዝም ብለው ይመልከቱ።

ቀለምም ይጠንቀቁ። ገና በዋየርፍሬም ደረጃ አንድ ሰማያዊ በተን ከገባ ውይይቱ በሙሉ ስለ ሰማያዊው ይሆናል። ሦስት ዓይነት ግራጫና ጥቁር ጽሑፍ ይበቃል። ለፎቶ ቦታ በሰያፍ መስመር የተሻገረ ሳጥን ሠርተው ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚገባ በውስጡ ይጻፉ፤ «የጫማው ፎቶ፣ ከጎን የተነሳ» ብለው። ደንበኛው ማዘጋጀት ያለበትን ከዚያው ያውቃል። ሲስማማ ቀኑንና «በዚህ እንቀጥላለን» የሚለውን ቃሉን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የአወቃቀር ለውጥ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚሠራ በውሉ ላይ አስቀድሞ ይስፈር።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። ፊግማ ይንቀራፈፍብኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ ፋይሉን ከማቅለል ይጀምሩ። ለዋየርፍሬም ፎቶ አያስፈልግም፤ ካሜራ ያነሳቸውን ትልልቅ ፎቶዎች በግራጫ ሳጥን ይተኩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከኢንተርኔት የወረደ ትልቅ የዲዛይን ኪት (የተዘጋጁ ቅርጾች ስብስብ) በፋይሉ ውስጥ ከቀረ ይሰርዙት። ሌሎች የብራውዘር ታቦችን ይዝጉ።

አሁንም ካልሆነ ኤክስካሊድሮው ቀላል ነው፤ በብራውዘር ይከፈታል፣ ምዝገባ አይጠይቅም። አንድ አደጋ ግን አለበት፦ ሥራው የሚቀመጠው በዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው። የብራውዘሩን ታሪክና ዳታ ያጸዳ ሰው ንድፉንም አብሮ ያጠፋል። በየሰዓቱ ወደ ፋይል ያስቀምጡ። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ ፋይሉን በፍላሽ ሳይዙ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ለማኅበረሰባችን በአማርኛና በዕብራይስጥ ድረ ገጽ እያዘጋጀን ነው። ዕብራይስጡ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ንድፉ ላይ ተቸገርን። ይህን በራሱ የሚገለብጥ ሶፍትዌር አለ? (ከነታንያ)

መልስ፦ ጽሑፉን በትክክል የሚያስኬዱ አሉ፤ ፊግማም ፔንፖትም ከቀኝ የሚነሳ ጽሑፍ ይቀበላሉ። የገጹን አቀማመጥ ግን በራሳቸው አይገለብጡላችሁም፤ ያ የእጅ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ክፈፍ ጎን ለጎን አድርጉ፤ በግራ የአማርኛው፣ በቀኝ የዕብራይስጡ፣ ሁለቱም 360 ስፋት። የአማርኛውን ጨርሳችሁ ካጸደቃችሁ በኋላ ብቻ የዕብራይስጡን ገልብጡ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው እያንዳንዱን ለውጥ ሁለት ጊዜ ያርማል።

በዕብራይስጡ ላይ የሜኑ ምልክቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የመመለሻው ቀስት ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ በደረጃ የሚሞላ ቅጽ ከቀኝ ይጀምራል፤ የቅጹ ርዕሶች ከሳጥኑ ቀኝ ጥግ ጋር ይስተካከላሉ። የማይገለበጡትም አሉ፦ የስልክ ቁጥር፣ የድርጅቱ ዓርማ፣ የቪዲዮ ማጫወቻ ሦስት ማዕዘን። በጣም የሚያስቸግረው አንድ መስመር ላይ ዕብራይስጥና ቁጥር፣ ወይም ዕብራይስጥና አማርኛ ሲቀላቀሉ ነው፤ ቅንፉና ነጥቡ ቦታ ይቀያየራሉ። ለምሳሌ የሰው ስም በአማርኛ፣ አድራሻው በዕብራይስጥ በአንድ መስመር እንዲታይ አትንደፉ፤ ሁለት መስመር አድርጉት። የቋንቋ መቀየሪያውንም በባንዲራ ሳይሆን በቋንቋዎቹ ስም ጻፉት፤ «አማርኛ» የሚለው በዕብራይስጡ ገጽ ላይም በፊደላችን ይጻፍ። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናት ገጹ በስህተት ቢለወጥባቸው መመለሻውን ፈልገው ማግኘት የሚችሉት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሁን ዋየርፍሬም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራል ይባላል። ታዲያ ሶፍትዌር መማር ለምን ያስፈልጋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ በተለይ ባዶ ገጽ ላይ ለሚፈዝ ሰው። የሚያወጣው ግን ለሌላ አገር ሰው የታሰበ ድረ ገጽ ነው፤ ስህተቱም በቅጾቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመላኪያ ቅጽ ሥራ ስትለው የመንገድ ስምና ዚፕ ኮድ ግዴታ ያደርግብሃል። እኛ ዘንድ ሰው ቤቱን የሚያገኙለት በከተማ፣ በክፍለ ከተማ፣ በወረዳ፣ ከሁሉም በላይ «ልዩ ቦታ» በሚለው ነው፤ ያ ሳጥን ሰፊና ከላይ መሆን አለበት። ስሙን ሁለት ሳጥን ያደርገዋል፤ እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን። ስልኩ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አኃዝ ሆኖ እንዲገባ፣ ወይም ከ+251 ቀጥሎ 9 አኃዝ እንዲጻፍ ሁለቱንም መቀበል ይኖርበታል። ክፍያው ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር መሙያ ብቻ ይስላል፤ ደንበኛህ ግን በቴሌብር ሊከፍል ነው፤ ስለዚህ ስልክ ቁጥር ማስገቢያ፣ «ማረጋገጫ በመጠበቅ ላይ» የሚል ገጽ፣ ክፍያው ሳይሳካ ሲቀር የሚታይ ገጽ፣ በጠቅላላው ሦስት ክፈፍ ሊጨመር ነው። ቀን መምረጫው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ወሮቹ 13 ናቸው፤ የጳጉሜን ገጽ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ይዞ እንዴት እንደሚታይ ለብቻው ሣለው። ቀጠሮ የሚያዝበት ድረ ገጽ ከሆነ «3 ሰዓት» ሲባል ጠዋት መሆኑ ከሰዓቱ አጠገብ ይጻፍ።

እነዚህን ለማረም ሶፍትዌሩን በእጅህ ማዘዝ ግድ ነው። ሳጥን፣ ጽሑፍ፣ ኮምፖነንትና አውቶ ሌይአውት፤ ፊግማ ላይ እነዚህን አራቱን በደንብ ከያዝክ ለዋየርፍሬም ሌላ ብዙ አያስፈልግህም። አውቶ ሌይአውትን (ሳጥኖችን በራሱ የሚደረድረውን) የሚያበራው ሺፍትና «ኤ» (A) አንድ ላይ መጫን ነው። አንድ የቅጽ መስመር ሥራበት፤ ከመካከል ሳጥን ስትጨምር የታችኞቹ ራሳቸው ወረድ ይላሉ።

ጥያቄ፦ የድሮ ሥራዎቼ በአዶቤ ኤክስዲ ናቸው። ልቀጥልበት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አዲስ ሥራ አይጀምሩበት። አዶቤ ኩባንያ ኤክስዲን ለብቻው መሸጥ አቁሟል፤ አዲስ ነገርም አይጨምርበትም። ኢንቪዥን የሚባለው በአንድ ወቅት ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የንድፍ ማሳያ አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ጨርሶ ተዘግቷል፤ ሥራቸውን ቀድመው ያላወጡ ሰዎች አጥተውታል። ኤክስዲው አሁን እየከፈተልዎት ሳለ እያንዳንዱን ገጽ በፒዲኤፍም በኤስቪጂም ያውጡ። ፒዲኤፉ ለማየት ነው፤ ኤስቪጂው ፊግማም ፔንፖትም ላይ ተከፍቶ ሳጥኖቹ መታረም ይችላሉ። ሲያወጡ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ከተለወጠ አማርኛውን ማረም ስለማይቻል ጽሑፉን ለብቻው ገልብጠው ዎርድ ላይ ያስቀምጡ። በሥራ ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ፕሮጀክቶች ብቻ አዲሱ ሶፍትዌር ላይ እንደገና ይሣሏቸው፤ የተቀሩት በፒዲኤፍ ይቀመጡ።